ቡሎን ኩቴክስ የምትቀባዋ ሰናይት

ባለፈው ዓርብ የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ሙንዚር ቢሮው ድረስ አስጠርቶ ግንባሬን ሳመኝ። ሙንዚር ሱዳናዊ ነው፤ እኔም እዚህ ዐረብ አገር የምኖረው እሱ ባስወጣልኝ ወረቀት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ መሳሳም ግን አያበዛም። ያን ቀን ዓይኖቹ ቀልተው፣ ትከሻዬን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለኝ።

«ደምሴ፣ እናቴ ትናንት ገባች» አለኝ። «ወላሂ ከሞት ያወጣሃት አንተ ነህ! ከካርቱም እስከ ገዳሪፍ በዚያ ሙቀት፣ ስንቱ መኪና ራዲያተሩ እየፈላ መንገድ ዳር ሲቀር፣ አንተ የሠራሃት ቀይ መኪናዬ አንዴ እንኳ አልፈላችም። አላህ እጅህን ይባርከው!»

ጦርነቱ ካርቱም ከገባ ወዲህ ስለ እናቱ ሲንገበገብ አይቼዋለሁና እኔም ደስ አለኝ። መትረፏን በስልክ ሰምቶ ነበር፤ እንዴት እንደ ወጣች በዝርዝር የሰማው ግን ገና ትናንት ከራሷ አፍ ነው። ምስጋናውን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። ከዚያ ሳላስበው አንድ ጥያቄ ከአፌ አመለጠ።

«ማን ነዳት?»

«ሸጋላዋ» አለ፤ የቤት ሠራተኛዋ ማለቱ ነው። «ያቺ ያገርህ ልጅ፣ ሰናይት። መስኪን፣ ገዳሪፍ ከገቡ በኋላ በክረምቱ ወባ ያዛትና ሞተች። አላህ ይርሃማ። ጎበዝ ልጅ ነበረች።» ይህን ብሎ ሻይ ቀዳልኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። መሞቷን በሰማሁባት በዚያች ቅጽበት ልቤ ላይ መጀመሪያ የደረሰው ሐዘን አልነበረም፤ ቅናት ነበር። «ነዳቻት!» አልኩ በሆዴ። በግቢ ውስጥ ከአንደኛና ከኋላ ማርሽ ሌላ አስገብታ የማታውቅ ልጅ፣ በጦርነት መካከል ያን ሁሉ መንገድ ነዳቻት። ሐዘኑ የመጣው ከሻዩ በኋላ ነው። ሲመጣም ብቻውን አልመጣም።

በሀብታም አልቀናም፤ ሀብት የዕድል ነገር ነው። በመልከ መልካምም አልቀናም፤ መልክ ይረግፋል። በሕይወቴ ከልቤ የቀናሁት በአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም በሰው ቤት ወለል የምትወለውል፣ ዕድሜዋ የእኔን እኩሌታ የማይሞላ ልጅ ነበረች።

ቤቱ ሪያድ ነው፤ የሳዑዲውን ሳይሆን የካርቱሙን ሰፈር ማለቴ ነው። ሰፊ ግቢ፣ ከፍ ያለ አጥር፣ በመካከሉ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ። የቤቱን ባለቤት ሃጃ እንላታለን። ባሏ ሞቶ፣ ሴት ልጇ አግብታ ወጥታ፣ ወንዱ ልጇ ሙንዚር ወደ ባሕረ ሰላጤው ተሻግሮ፣ በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ የቀረችው ብቻዋን ነበር። ከእሷ ጋር እኔ ሾፌሩ፣ ዓም ኢድሪስ የሚባለው ሽማግሌ የበር ጠባቂና ሰናይት ነበርን። እኔ ሾፌር ብባልም በሙያዬ መካኒክ ነኝ። አገሬ ላይ ሁለት ዓመት ተምሬ የተቀበልኩትን ዲፕሎማ በላስቲክ ጠቅልዬ አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬው ነበር። የሠፈሩ ሾፌር ሁሉ መኪናው ሲያስለው በዐረብኛ «ያ ደምሴ!»፣ አንተ ደምሴ፣ እያለ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። ይህን የምለው ሰው እንደ ነበርኩ እንዲታወቅልኝ ነው።

በኒሙ ዛፍ ሥር የሙንዚር የወጣትነት መኪና ቆማ ነበር። ትንሽ፣ ቀይ፣ ከኋላዋ ቁርጥ ያለች፣ ባለ ሁለት በር የጀርመን መኪና። ስታያት የገበያ መኪና ትመስላለች፤ ቱርቦዋ ሲነሣ ግን የፈረስ ግልቢያ ነው። ሙንዚር ዩኒቨርሲቲ እያለ በዚህች መኪና በኦምዱርማን ድልድይ ላይ ያልቀደመው አልነበረም ይባላል። እሱ ከሄደ በኋላ አቧራና የወፍ ኩስ ጠጥታ ሞተች። ሰናይት ቤቱ በገባች በሁለተኛው ዓመት ሙንዚር ደወለና እናቱን ሳይሆን እኔን ጠየቀ።

«ስማ ደምሴ፣ እዚህ ጋራዥ ልከፍት ነው። ለዒድ እመጣለሁ። ያቺን መኪና እንደ ድሮዋ፣ ከድሮዋም አስበልጦ ያስነሣ ሰው ቦታው የእሱ ነው። ይዤው እሄዳለሁ፣ ኢንሻላህ።»

ስልኩ ድምፁ ጮክ ብሎ ስለሚሰማ ሰናይት ወጥ ቤት ደጃፍ ቆማ ሰማችው። «ጋሼ፣ ሰው ነው ያለው አይደል?» አለችኝ። «ሴትም ይወስዳል ማለት ነው?»

ሳቅኩባት። ዓም ኢድሪስንም ጠርቼ ነገርኩትና አብሮኝ ሳቀ። እሷም ፈገግ ብላ ገብታ ሥራዋን ቀጠለች።

መኪናዋን ለማስነሣት ሳምንት አልፈጀብኝም። ባትሪ ቀየርኩ፣ ካንዴላዎቹን አውጥቼ ጠረግኩ፣ አሮጌውን ቤንዚን አፍስሼ አዲስ ሞላሁ። ተነሣች። ግን ምን ዋጋ አለው! ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ቤንዚኑን እንደ ውኃ ትጨልጠዋለች፣ ጉልበት የሚባል የላትም። ካንዴላዎቹን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ቱርቦውን ጠረጠርኩ። ሃጃ በመስኮት ጭሱን እያየች «ያ ሰዋግ፣ ልብሴን አጠቆርከው!» ትለኝ ጀመር፤ አንተ ሾፌር ማለቷ ነው።

አንድ ዓርብ ሃጃ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለችበት ሰዓት ሰናይት መጣች። በእጇ ሙፍራካ ይዛለች፤ ሱዳኖች ወጥ የሚያማስሉበት እንጨት ነው። ሞተሩን አስነሡልኝ አለችና የእንጨቱን አንድ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። በኋላ እንደ ሰማሁት አባቷ መተማ አጠገብ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ነበረው። ልጅነቷን ያሳለፈችው ከሞተሩ ጎን፣ የአባቷን ማማሰያ ጆሮዋ ላይ ተክላ ነው።

«ጤነኛ ነው» አለች። ቀጥላም ሾፌሩ ፊት ያለችውን የሙቀት መርፌ አየች፤ ቆየት ብላ ደግማ አየች። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና በርዷታል።»

«ምን?»

«ሞተሩ አልሞቀም። መርፌዋ ግማሽ ጋ አልደረሰችም። አባዬ ያልሞቀ ሞተር ሆዳም ነው ይል ነበር። ጠዋት ጠዋት ራዲያተሩን በጆንያ ይሸፍነው ነበር።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በካርቱም፣ ጥላ ሥር የቆመ ሰው በሚቀልጥበት ወር፣ መኪና በረዳት! ያን ሳምንት ለሠፈሩ ሾፌር ሁሉ አወራሁት። «ብርድ ልብስ እናልብሳት ወይ?» እየተባለ ተሣቀ።

እሷ ግን በሚቀጥለው ዓርብ ቁልፍ ይዛ መጣች። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ ውኃ የሚሄድበትን ቧንቧ ክዳን፣ ሁለት ቡሎን ፈትታ ከፈተችው። ባዶ ነበር። እዚያ ቦታ ቴርሞስታት የሚባል እንደ ትንሽ በር ያለ ነገር መቀመጥ አለበት። ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን ይዘጋል፤ ሲሞቅ ይለቃል።

«እዚህ የነበረውን ማን ወሰደው ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አልኩ።

ዓም ኢድሪስ ከበሩ ወንበር ሆኖ ጮኸ፦ «አንተ አይደለህ እንዴ ያ ደምሴ! ሙንዚር ኦምዱርማን ገበያ ላይ ፈልታበት የመጣ ጊዜ አውጥተህ ቆሻሻው ላይ የጣልከው? ‹በሙቅ አገር ይህ አያስፈልግም› ብለህ? እኔ ነኝ ቆሻሻውን የደፋሁት!»

እውነት ነው። ያን ጊዜ ሁላችንም እንዲህ ነበር የምናደርገው። በካርቱም መኪና ፈላ ከተባለ መካኒኩ የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ ያንን ነገር ነቅሎ መጣል ነው፤ እኔም ከአሥር መኪና በላይ ነቅያለሁ። ዲፕሎማዬ ላይ ያስተማሩኝ ሌላ ነው፤ ግን ሰው ከቀዬው ጋር ይኖራል። ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ስለሆነ የመኪናዋ አእምሮ ክረምት መስሎት ቤንዚን ያርከፈክፍ ነበር። ጭሱም፣ ጥማቱም፣ ድካሙም የእኔ የእጅ ሥራ ነበር።

ሰናይት አልሳቀችብኝም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ብትስቅብኝ ኖሮ ተራ ሰው ትሆንልኝ ነበር።

አዲሱን ቴርሞስታት ከሱቅ ገዝቼ ሳመጣ ልገጥመው ስል ከለከለችኝና ወጥ ቤት ይዛኝ ገባች። በሻይ ድስት ውኃ ጥዳ፣ ዕቃውን በክር አስራ ውስጡ አንጠለጠለችው። ውኃው ሊፈላ ሲል ያቺ ትንሽ በር ቀስ ብላ ተከፈተች። ድስቱን ስታወርደው ተዘጋች።

«አዩ ጋሼ? ሲሞቃት ትከፍታለች፣ ሲበርዳት ትዘጋለች። የምትሠራ መሆኗን ሳያዩ አይገጥሙም።»

ያን ያህል ዓመት ቁልፍ ስይዝ ያቺ በር ስትከፈት በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ልቤ እንደ ሕፃን ልጅ ዘለለ፤ ወዲያውም ሬት ሬት አለኝ። ደስታዬን ያመጣችው እሷ ናትና።

በሚቀጥለው ዓርብ መርፌዋ ግማሽ ላይ ወጥታ ቆመች፤ ጭሱ ጠፋ፤ ቱርቦው ፉጨቱን ለቀቀው። ዓም ኢድሪስ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ። ለእሷ ነው ያጨበጨበው። ቀድሞ ምሳ ሰዓት ፉሉን ሲያቀርብ «ያ ደምሴ፣ ተፈደል፣ ቅረብ» ይለኝ የነበረው ሰውዬ፣ ከዚያ ወዲህ «ሰናይት ትምጣና እንጀምር» ማለት አመጣ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ በመጣ ቁጥር ሥራው የእሷ ሆነ። ሙንዚር «ከድሮዋ አስበልጦ» ብሎ የለ? ለመኪናዋ ከአቅሟ ከፍ ያለ ራዲያተር ከኦምዱርማን የአሮጌ ዕቃ ገበያ አስገዛችኝ፤ ማራገቢያውን ከፒክአፕ አወጣንላት። የፊት ፍሬኑን በትልቅ ቀየርን። የካርቱም አቧራ ቱርቦውን እንዳይበላው ለአየር ማጣሪያው እንደ ካልሲ ያለ ልብስ ሰፋችለት። ጨርቁ የሃጃ አሮጌ ቶብ ነው፤ ሱዳናውያት ሴቶች የሚጠቀለሉበት ስስ ልብስ። የአቧራው ማዕበል ሰማዩን ቀይ አድርጎት ያለፈ ቀን ያንን ካልሲ አውልቃ ስታራግፈው ግማሽ ኪሎ አፈር ወጣው፤ ውስጡ ያለው ማጣሪያ ግን ነጭ ነበር። ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም።

ስትሠራ አረንጓዴ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ታጠልቃለች፤ ዘይቱ እጇ ላይ እንዳይታይ ነው። ላቧን በክንዷ መታጠፊያ ትጠርጋለች። ስትፈታ የወጣውን ቡሎን ሁሉ በትልቅ የሻይ ትሪ ላይ ልክ ሞተሩ ላይ እንደ ነበረው አቀማመጥ ትደረድራለች። የማያልቅባት አባባል አላት። እኔ የሆነውን ያልሆነውን ስጠረጥር «ሞተር አያፍርም ጋሼ፤ ያመመውን ይናገራል። የሚያፍር ሰው ነው» ትለኛለች። ለእኔ የተወረወረች ትመስለኝ ነበር፤ ሳስበው ግን አልነበረችም።

ዋናው ነገር ግን ኩቴክሱ ነው። የሃጃ ልጅ አግብታ ስትወጣ ትታው የሄደችው ቀይ የጥፍር ቀለም ነበር። ሰናይት አንድ ቡሎን አጥብቃ በጨረሰች ቁጥር ከራሱ ወደ ታቀፈው ብረት የሚሻገር ቀጭን ቀይ መስመር ትስልበታለች። መጀመሪያ «ቡሎን ጥፍር አለው ወይ?» ብዬ አላገጥኩ። ምክንያቱን በኋላ ነው የገባኝ። ሠራተኛ ናት። አንዱን ሥራ ጀምራ ሳትጨርስ ከላይ «ያ ሰናይት!» ይባላል፤ ሻይ፣ ውኃ፣ መድኃኒት። የትኛውን አጥብቃ የትኛውን እንደ ተወች የምታውቀው በቀለሙ ነው። ከዚያም በላይ መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ ላልቷል ማለት ነው፤ ሳትነካው በዓይንህ ብቻ ታውቃለህ። ሰው በሥራው መሐል ሲጠራ ይናደዳል፤ እሷ ከመጠራቷ ጥበብ አወጣች።

ታዲያ አንድ ልማድ ነበረን። የሃጃ ነጠላ ጫማ በደረጃው ላይ ጧ ጧ ሲል ሰናይት የያዘችውን ቁልፍ በፍጥነት በእጄ ታስጨብጠኝና ጨርቁን አንሥታ አጠገቤ ትቆማለች። ሃጃ ሠራተኛዋ ሥራዋን ትታ መኪና ስትፈታ ካየች ታባርራታለች። ስለዚህ ሃጃ ብቅ ባለች ቁጥር የምታየው እኔ ጎንበስ ብዬ ቁልፍ ስይዝ፣ ሰናይትም ጨርቅ ስታቀብል ነው። «ታማም ያ ደምሴ፣ አላህ ያበርታህ» ብላ ትመለሳለች። እኔም «አሚን» እላለሁ። ደግሞ ደጋግሜ ብዬዋለሁ።

አንዴ ይህን ስናደርግ፣ ሃጃ ከገባች በኋላ ቁልፉን ስመልስላት፣ ሰናይት እንደ ቀልድ «አንድ ቀን ቁልፍ ይዤ ሰው እያየኝ ብሠራ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። ከእሷ የሰማሁት ምኞት ይህ ብቻ ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? የአሥራ ሦስት ቁጥሯን ቁልፍ ሰረቅኩባት። እንደ ሕፃን! የዚያች መኪና ግማሽ ቡሎን በአሥራ ሦስት ነው የሚፈታው። አልጋዬ ሥር ደበቅኳትና ዓርብ ስትፈልጋት ስትፈልጋት አብሬ ፈለግሁ። ቀኑን ሙሉ ያለ እሷ በፒንሳና በትዕግሥት ሠራች። በሳምንቱ ክፍሌን ልትጠርግ ገብታ አገኘቻት። ማታ ስገባ ቁልፏ በናፍጣ ታጥባ፣ እያብረቀረቀች፣ ከዲፕሎማዬ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ተሰቅላ ነበር። ሰው እንዲህ ሲያደርግህ ሌላ ምን ትለዋለህ? ትጠላዋለህ እንጂ።

ዒድ ደረሰ፤ ሙንዚር መጣ። ሻንጣውን ሳያወርድ ወደ ኒሙ ዛፍ ሮጠ። ኮፈኑን ከፈተ፤ ቀይ መስመሮቹን አይቶ ግር አለው፤ ዘጋ፤ ይዟት ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ እንደ ጎረምሳ ይጮኻል። ወደ ኦምዱርማን ድልድዩን ሲሻገር ምን እንዳለፈ፣ ማን እንደ ቀረ፣ ፍሬኑ እንዴት እንደ ያዘለት እያወራ አዳራሹ ገባ። ሃጃ ተቀምጣለች፤ ዓም ኢድሪስ የዒድ ስጦታውን ሊቀበል ቆሟል፤ እኔም ቆሜያለሁ። ሰናይት ሻይ በትሪ ይዛ ገባች። ያው ቡሎን የምትደረድርበት ትሪ ነው።

«እነዚያን ቀይ ምልክቶች አየኋቸው!» አለ ሙንዚር ወደ እኔ ዞሮ። «እንዲህ ያለ ሥራ የሠራው ማን ነው? ከየት ተማርከው?»

ጥያቄው ሁለት ነበር። የመጀመሪያውን ለብቻው ቢጠይቅ ምን እመልስ እንደ ነበር አላውቅም። ሁለተኛው ግን መልሱን ራሱ ይዞልኝ መጣ።

«ከልምድ ነው» አልኩ።

ሰናይት ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አስቀመጠች። ዓም ኢድሪስ «ሱብሃነ አላህ» ብሎ ወደ በሩ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን በግማሽ አፉ ነበር የሚመልሰው።

ወረቀቴ እስኪያልቅ ሁለት ወር ቆየሁ። በእነዚያ ሁለት ወራት ትናገርብኛለች ብዬ ከሃጃ ጋር ባወራች ቁጥር ጆሮዬን አቆም ነበር። እሷ እንደ ወትሮዋ ነበረች። ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ክፍሌ ደጃፍ መጥታ በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር ሰጠችኝ። ኩቴክሷ ናት።

«እዚያ ምልክት ያድርጉ ጋሼ» አለችኝ። «ሙንዚር አይቶታልና ካላዩብዎት ይጠይቁዎታል። መስመሩን ቀጭን ያድርጉት፤ ወፍራም ከሆነ ሲሰበር አይታይም። ቴርሞስታት ሁልጊዜ ቀቅለው ይዩ።»

ውሸቴን የምኖርበትን መሣሪያ ከነአጠቃቀሙ ሰጠችኝ። እንባዬ መጣ፤ ግን ከእንባው ሥር እንደገና ያ ነገር ነበር። ለምን ይቺ ልጅ በሁሉም ትበልጠኛለች? በደግነት እንኳ ቦታ አትተውልኝም?

«ነገ ለሙንዚር እነግረዋለሁ» አልኳት። በእርግጥ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ለአንዲት ደቂቃ።

«ይተዉት» አለች። «ቢነግሯቸውም አያምኑም ጋሼ።» ደህና ይግቡ ብላ ሄደች።

እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ስሜ «ቀዩ መስመር» ሆኗል። ከእኔ እጅ የወጣ መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ ይታያል፤ ደንበኞች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሣሉ። ሌሎቹ መካኒኮች ከእኔ ተምረው ያደርጉታል። የሰጠችኝ ጠርሙስ በመጀመሪያው ዓመት አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሴቶች ሱቅ ገብቼ ያንኑ ቀለም እገዛለሁ። ጦርነቱ ሲጀመር አንዴ ደወልኩላት፤ አልሠራም። ደግሜ መደወል ይቻል ነበር። ብታነሣ ምን እላታለሁ ብዬ ተውኩት።

ከዓርቡ ማግስት ሃጃን እንኳን ለዚህ አበቃሽ ልላት ሙንዚር ቤት ሄድኩ። ሃጃ ኮስሳለች። ገና ስታየኝ አለቀሰች፤ ስለ ሰናይትም አለቀሰች። ቢያንስ እሷ ከልቧ አለቀሰችላት። ከእኔ በኋላ የተቀጠረው ሾፌር ጠፍቶ፣ ጥይቱ ከአጥሩ በላይ ሲያፏጭ፣ ሰናይት «ያላ ሃጃ፣ እንሂድ፣ እኔ እነዳለሁ» ብላ እሷንና ዓም ኢድሪስን አሳፍራ እንደ ወጣች ነገረችኝ። ዓም ኢድሪስም ደህና አገሩ ገብቷል።

«በየመንገዱ በቆምን ቁጥር» አለች ሃጃ፣ «ትወርድና ኮፈኑን ትከፍታለች። ያንተን ቀያይ መስመሮች አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ታያለች። አንዱ ጋ ስትደርስ ቁልፍ አውጥታ ጠበቅ አደረገችው። በአንተ ሥራ ስንት ትተማመን ነበር መስኪን!»

ያን ጊዜ አልኩት።

«ሃጃ፣ መኪናዋን የሠራችው ሰናይት ናት። እኔ አይደለሁም። መስመሮቹም የእሷ ናቸው።»

ሙንዚር ሳቀ። «የሐበሻ ትሕትና! ሰው ሲሞት ሥራችሁን ሁሉ ለሟች ትሰጣላችሁ።»

«ላ ላ፣ አይደለም ያ ደምሴ» አለች ሃጃ እንባዋን በቶቧ ጫፍ እየጠረገች። «ልብህ ደግ ስለሆነ ነው። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በወጣሁ ቁጥር ቁልፉ በአንተ እጅ ነበር። እሷ ጨርቅ ነበር የምትይዘው።»

«ኩቴክሱ የእሷ ነበር» አልኩ ደግሜ።

«ኩቴክሱማ የእህቴ ነበር!» አለ ሙንዚር፤ ሃጃም በእንባዋ መካከል ሳቀች። ሻይ መጣ።

ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። ሦስተኛ አልጨመርኩም። ዓም ኢድሪስን ደውላችሁ ጠይቁት ማለት እችል ነበር፤ ስልኩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። አላልኩም። እግዜር ይይልኝ፣ እንዳላመኑኝ ሳውቅ ደረቴ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ቀለል አለኝ። ስሜም፣ ወረቀቴም፣ ወንበሬም ባሉበት ናቸው። ሻዬን ጠጥቼ፣ ሃጃን መርቄ ወጣሁ።

ደጃፉ ላይ ጫማዬን ሳጠልቅ ነው ሰናይት በመጨረሻው ቀን ያለችኝ ሙሉውን ትዝ ያለኝ። እላይ ስጽፈው ጅራቱን ቆርጬ ነው የጻፍኩት። ሙሉው እንዲህ ነበር፦

«ይተዉት። ቢነግሯቸውም አያምኑም ጋሼ። ባያምኑዎት ደግሞ ደስ ይልዎታል።»